በኮርቻው የተመረጠ ብስክሌት

«ደመና ወረደ ከጭላሎ ማዶ፣
እምም… እምም… እምም…
ኮርቻው ተጭኖ ጌታው ሲጠበቅ፣
እምም… እምም… እስከ ሐይቅ።»

ሁሴኖ ሥራ ላይ ሲሆን የሚያንጎራጉረው ይህችን ነው። ሙሉውን አያውቀውም። አንዳንዴ ከእናቱ የሰማት ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ኮርቻ ሊያሳድስ ከኦጎልቾ ከመጣ አንድ ፈረሰኛ። የጎደለውን በ«እምም» እየሞላ ወስፌውን ይወጋል። ጅማቱን ሲስብ ድምፁም አብሮ ይሳባል፤ ጅማቱ ሲጠብቅ ዜማውም ይቆማል። ከዚያ ሌላ ቀዳዳ፣ ሌላ እምም።

በ1952 ዓ.ም. ኮርቻ የፈለገ ሰው አሰላ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሁሴኖን ሱቅ ነበር። ከገበያው በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሯ ላይ በአራት እግር የቆመ የጽድ ግንድ አለ። አዲስ ኮርቻ ከፈረስ በፊት የሚጫነው በዚህ ግንድ ላይ ነው። ሁሴኖ እየተደገፈ ይወጣበትና ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይወዛወዛል። የቆረቆረው ስፌት ካለ ወርዶ ይፈታዋል፤ ካልቆረቆረው «ይህ ኮርቻ ጮሌ ድረስ ያደርሳል» ይላል። እሱ ራሱ ግን ያችን ሩቅ ከተማ አይቷት አያውቅም።

ፈረሰኞቹ ሲያገኙት ዝም አይሉትም። አንድ የሲሬ ሰው ኮርቻውን እየተረከበ እንዲህ ብሎ ቤት መታበት፣

«ያንተ ኮርቻማ አገሩን ዞረልህ፣
ሁሴኖ ከግንድህ መቼ ትወርዳለህ?»

«የኔ ግንድ ገብስ አይበላም፤ ያንተ ፈረስ ግን ክረምቱን ሙሉ ጎተራህን ሲገለብጥ ነው የከረመው» አለው ሁሴኖ። ተሳሳቁ። ሰውየው ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሲሄድ ሁሴኖ ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ ወስፌውን እንደያዘ ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነቱ ሾላ ሊለቅም ወጥቶ ከዛፍ ወደቀ። ወጌሻው ያሸውን ያህል አሸ፤ አጥንቱም ገጠመ። ግራ እግሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ መግፋት ግን እምቢ አለ። ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ግራ እርካቡን ረግጦ፣ የሰውነቱን ክብደት በሙሉ በዚያ እግር ላይ ጥሎ ነው የሚነሣው። ጎረምሳ ሳለ ሁለት ሰዎች አንሥተው ፈረስ ላይ አስቀመጡት፤ ሲመለስም ሁለት ሰዎች አወረዱት። ያን ቀን ማታ ለአባቱ «ይሄ መጫን ነው እንጂ መሄድ አይደለም» አለና ዳግመኛ ፈረስ ላይ አልወጣም። አባቱ ኮርቻ ሰፊ ነበርና ከጎኑ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እጁ ሄደ። እጁን የጨበጠ ሰው የራሱ ጣቶች በቦታቸው መኖራቸውን አይቶ ነው የሚለየው። ሱቁን ከሰው በፊት ስለሚከፍትና ከሰው በኋላ ስለሚዘጋ፣ አሰላ ውስጥ ሲራመድ ያየው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ሁሴኖን የሚያውቀው እግሩን ቆዳ ሥር አድርጎ፣ ተቀምጦ ነው።

ብስክሌት ወደ ሕይወቱ የገባችው በጎማ መንፊያ በኩል ነው። ዲሪባ በመናኸሪያው አጠገብ የሚሠራ ጎሚስታ ነበር። የመንፊያው ቆዳ በየጊዜው ይበላበትና ሁሴኖ አዲስ ቆዳ ቆርጦ፣ በሞራ አሽቶ ይወስድለታል። አንድ ቀን ቆዳውን ሲያስገጥም ዲሪባ የሚያከራያት አሮጌ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፋ አያት። ብዙ ጊዜ አይቷታል፤ ያን ቀን ግን ዐይኑ ፔዳሎቿ ላይ ቀረ።

«ዲሪባ፣ ይህቺ እርካቧ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው እንዴ?»

«እኩል ነው።»

«ግድግዳ ተደግፎ የወጣባት ሰውስ? ማን ይከለክለዋል?»

ዲሪባ እጁን በጨርቅ ጠረገና አየው። የሁሴኖን እግር ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። «ማንም» አለ። «ና፣ ውጣባት።»

በየሳምንቱ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሰው ኳስ በሚጫወትበት ሜዳ ላይ ተማረ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወደቀ። ሜዳው ዝርግ ነው፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰች ቀኝ እግሩ ብቻውን ያዞራታል፤ ግራው በልማድ ይከተላል። ሊቆም ሲፈልግ መግፋቱን ይተዋል፤ ብስክሌቷም ደክሟት እንደምትቆም አህያ ቀስ ብላ ትቆማለች። ዳገት ምን እንደሆነ፣ ቁልቁለት ምን እንደሆነ ያ ሜዳ አላስተማረውም።

ሚስቱ ሰኪና ነገሩን የሰማችው ከጎረቤት ነው።

«ብስክሌት ልትገዛ ነው አሉ። ምን ልትጭንበት?»

«ራሴን።»

«ራስህን ወዴት?»

«ወደ ኦጎልቾ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ እስከሚታይበት። ለሽርሽር። አይቼው እመለሳለሁ።»

«ሽርሽር የሹማምንት ነው፣ አንተ ሰው። ሐይቁን ማየት ከፈለግህ በመኪና አትሄድም?»

«በመኪና ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሾፌሩ ሲፈልግ። እኔ ስፈልግ ሄጄ ማየት ነው ያማረኝ።»

ሰኪና የያዘችውን አስቀምጣ አየችው። ይህን ነገር ከባሏ አፍ ሰምታ አታውቅም። አብረው ሲኖሩ ስለ እግሩ አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም፤ አሁንም አላማረረም፤ ግን ገባት። «እንግዲህ ሂድ» አለች በመጨረሻ። «ጉልበትህ ቢላላጥ ቅቤ እቀባዋለሁ። እጅህን ሰብረህ ብትመጣ ግን ወላሂ በሩን አልከፍትልህም።»

ክረምቱ ወጣ። በጥቅምት ዲሪባ ናዝሬት ወርዶ ሁለት ያገለገሉ ብስክሌቶች በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሮ አመጣ። ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱን ሁሴኖ ሊገዛ ተስማምቷል፤ ሌላውን ደግሞ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው ወልደ ሚካኤል። ወልደ ሚካኤል ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ አንዱ እርምጃው የሌላውን ሰው ሁለት የሚሆን ወጣት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ዲሪባ በር ላይ ተገናኙ።

«ጋሽ ሁሴኖ ይምረጡ፤ እኔ የተረፈውን እወስዳለሁ» አለ ወልደ ሚካኤል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ዐይኑ ጥቁሩ ላይ ነበር።

አንደኛው ብስክሌት አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ተፍቋል፤ መቀመጫው ተቀዶ ሞላው ወጥቶ፣ የጆንያ ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ መስታወት የመሰለ ጥቁር። የሁሴኖን ልብ የወሰደው ግን ቀለሙ አይደለም። ኮርቻው ነው። ወፍራም የበሬ ቆዳ፣ አፍንጫው ላይ ጠበብ ብሎ ከኋላ የሰፋ፣ በናስ ሚስማር የተመታ፣ ዳርና ዳሩን በሰም በታሸ ክር የተሰፋ። ሁሴኖ አውራ ጣቱን ስፌቱ ላይ አሳረፈና እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በፍሬ ዳሰሰው። ይህን የሰፋው ሰው የት አገር ይሆን? እሱም ሲሰፋ ያንጎራጉር ይሆን?

ዲሪባ አረንጓዴውን ይዞ ማስረዳት ጀመረ። «አየህ፣ ይህኛው ሦስት ማርሽ አለው። ይህቺን ትንሽ ነገር በአውራ ጣትህ ገፋ ነው። ቀላሉ ማርሽ ለዳገት ነው፤ በቅሎ በለው፤ ቀስ ይላል ግን አይደክምም። ከባዱ ለሜዳ ነው፤ ፈረስ ነው። መካከለኛው ለሌላ ለሌላው። ጥቁሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዳገቱንም ሜዳውንም በዚያው ነው የምትሄደው።»

«እም» አለ ሁሴኖ ኮርቻው ላይ እንደጎነበሰ።

«ፍሬኑም ይለያያል። አረንጓዴው በእጅ ነው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ጨበጥ ስታደርገው ይይዛል። ጥቁሩ በእግር ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ትረግጣለህ… ያ ሁሴኖ! ፍሬኑን ነው እኮ የምነግርህ!»

«ሰምቻለሁ። አንተ ይህን ስፌት አየኸው? አንድም ቦታ አልዘለለም።»

«ስፌቱ አያቆምህም!»

«ቆዳው ገና ነው፤ የሰው ልክ አልያዘም። ከተቀመጥኩበት የኔን ልክ ይይዛል» አለ ሁሴኖ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ቀና ብሎም «ጥቁሩ» አለ።

ወልደ ሚካኤል በረጅሙ ተነፈሰ። ዲሪባም ራሱን ነቀነቀ። ሁሴኖ ለስንቱ ፈረስ ገዢ «ኮርቻ አይተህ ፈረስ እንዳትገዛ፤ አስወርድና ጀርባውን እይ» ብሎ የመከረ ሰው ነው። ሰው የሌላውን ፈረስ ሲመርጥ ዐይኑ ንጹሕ ነው፤ የራሱን ሲመርጥ ምን እንደሚጋርደው እንጃ።

«እንግዲህ እንደ ከብት ገበያው ይሁን» አለ ዲሪባ። «ነውር ካገኛችሁበት ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሱልኝ። ከጠለቀች ግን በየራሳችሁ ነው፤ ነገ መጥታችሁ እንዳትጨቀጭቁኝ።»

ሁሴኖ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወጣ። ኮርቻው ተቀበለው። ሲንቀሳቀስ ቆዳው እንደ አዲስ ጫማ ጮኸ፤ ያ ድምፅ ደግሞ ለእሱ ዘፈን ነው። በገበያው ዳር አለፈ። ሰዎች «ሁሴኖ ከግንዱ ወረደ!» ብለው ጮኹ። እጁን አነሣላቸው፤ ግን ቶሎ መለሰው፤ ምክንያቱም መሪው ተንቀጠቀጠ። ቤቶቹ እያነሱ፣ ገብሱ እየበዛ ሄደ። ጥቅምት ነው፤ አደይ አበባው ገና ሙሉ በሙሉ አልረገፈም። ነፋሱ ከጀርባው ነው። ጥቂት ቢቀጥል፣ ያችን ጉብታና ከማዶዋ ያለውን መታጠፊያ ቢያልፍ፣ ከታች የዝዋይ ሐይቅ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ይታያል።

በነፋሱ ግፊት ጉብታውን አለፈ። መንገዱ ግን ከጉብታው ማዶ ወደ ታች ይወርዳል።

መጀመሪያ ደስ አለው። ሳይገፋ ይሄዳል፤ ጋቢው ከኋላው ይርገበገባል። ከዚያ ደስታው ፈጠነበት። ዲሪባ ያለው ትዝ አለውና ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጠ። በዚያች ቅጽበት ከኋላ የነበረው ፔዳል የግራው ነበር። ግራ እግሩ ተጫነ፤ ጭነቱ ግን እንደ ሕፃን መዳፍ ነው፤ ፍሬኑ ትንሽ ነካ አድርጎ ለቀቀ። ግማሽ ዙር አዙሮ ቀኙን ወደ ኋላ ማምጣት ነበረበት፤ ያንን ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረም። የፈረስ አገር ሰው ነውና ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪውን እንደ ልጓም በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሳበው። እነዚያ ብርቱ እጆች! ማንኛውም ፈረስ በዚያ አያያዝ በኋላ እግሩ ይቆም ነበር። ብስክሌቱ ግን ልጓም አያውቅም። የፊት ጎማው ተጠማዘዘ፤ ሁሴኖም ከመንገዱ ወጥቶ የዝናብ ቦይ ዳር ያለ ረጅም ሣር ውስጥ ገባ።

ሲነሣ መጀመሪያ ጣቶቹን አጣጠፈ፣ ዘረጋ። ደኅና ናቸው። ቀኝ ጉልበቱ ተልጧል። ብስክሌቱም አልተሰበረም።

ከታች በኩል ፋጡ የምትባል ወተት ሻጭ ቅሏን በጀርባዋ አዝላ ወደ ከተማ ትወጣ ነበር። ሁሴኖን ከነሣሩ አየችው።

«አላህ ይጠብቅህ! ማን ጣለህ?»

«እሱ ነዋ» አለ ወደ ብስክሌቱ እያመለከተ።

«ደንባራ ነው እንዴ? እንግዲህ ሣር ውስጥ ከገባ አይቀር ይጋጥ፤ ጾሙን አትመልሰው።»

ሁሴኖ ሊስቅ ፈልጎ ጉልበቱ አመመው። ወደ ሐይቁ መቀጠል እንደማይሆን ገባው፤ መንገዱ ከዚህም በላይ ይወርዳል። ብስክሌቱን ወደ ከተማው አዞረና በጉብታው ጥግ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣበት። ቀኝ እግሩ ገፋ፤ ጎማው ግማሽ ዙር ዞረ። ቀጥሎ የግራው ተራ ነው። ፔዳሉ ከላይ ቆመ። ግራው አልገፋም፤ ብስክሌቱ ቆመ፤ ሁሴኖ በጎኑ ወረደ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ቆመ።

«እኔ ወተት አዝዬ ቀደምኩህ እኮ!» አለች ፋጡ ከፊት ሆና።

ተወው። ብስክሌቱን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ሽቅብ መግፋት ጀመረ። ልቡ ከብዶታል። ሐይቁን አላየም፤ እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሌላ ቀንም በዚህ ብስክሌት አያየውም። ሲወርድ ፍሬኑ የግራ እግሩን ይጠይቀዋል፤ ሲወጣ ማርሹ የግራ እግሩን ይጠይቀዋል። ኳስ ሜዳው ላይ እየተሽከረከረ ሊኖር ነው፣ ከግንድ ወደ ሜዳ። ሁለተኛ ብስክሌት እገዛለሁ ብሎ ደግሞ ራሱን አያታልልም፤ ይህ የአንድ ጊዜ ድፍረት ነበር።

ፋጡ አዘነችለትና እርምጃዋን አቀዘቀዘች። ለጨዋታ ያህል ኮርቻውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ሲያምር! ይህን አንተ ነህ የሰፋኸው?»

«አይ፣ አብሮት የመጣ ነው።»

«ምነው፣ አንተ እያለህ?»

ሁሴኖ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ከኮርቻው ሥር አየ። ኮርቻው በአንድ ብሎን ነው የተያዘው። አንድ ብሎን! ተፈትቶ ይወርዳል፣ ሌላ ይጫንበታል፣ ልክ እንደ ፈረስ። በዓለም ላይ ካሉት የብስክሌት ዕቃዎች ሁሉ ሁሴኖ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ለዚያው አንዱ ሲል ሌላውን ሁሉ ጥሎ መጥቷል። በአርሲ ምድር የጣት ብርታት የሚተርፈው ሰው በእጅ የሚያዘውን ፍሬን ትቶ በእግር የሚረገጠውን መረጠ።

«ፋጡ፣ ፀሐይዋ የት ደርሳለች?» አለ።

ፋጡ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየች። «ዘቅዝቃለች። አንተማ በዚህ አካሄድህ ከኔ ወተት በፊት ትረጋለህ።»

ምሳውን አልበላም፤ ውኃም አልቀመሰም። አንዲት ነገር ብቻ እያሰበ ገፋ፤ ወልደ ሚካኤል አረንጓዴውን ወስዶታል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ የእሱ ነው። ግራ እግሩ ሲዝል ብስክሌቱ ላይ ይደገፍ ነበር። ሰው «ፈረስህ አነከሰ እንዴ?» ሲለው «እኔ ነኝ ያነከስኩት» እያለ መለሰ። ይህን ቃል በአደባባይ ተናግሮት አያውቅም ነበር። አንዴ ከወጣው ግን ሁለተኛው ቀለለው።

ዲሪባ በር ላይ ሲደርስ ጥላ ረዝሟል። ጫኝ አውራጆች የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጠው ወሬ ይዘዋል። ወልደ ሚካኤል ደግሞ አሁን መድረሱ ነው፤ ፊቱ ላብ በላብ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ፣ አንድ እግሩን መሬት ረግጦ አረንጓዴው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ወልደ ሚካኤል፣ እንለዋወጥ» አለ ሁሴኖ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

የጸሐፊው ሳቅ ቀዘቀዘ። «ጋሽ ሁሴኖ፣ ጠዋት ቢሉኝ እኮ በእልልታ ነበር። አሁን ግን ወደድኩት። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ዳገት ወጣሁበት! ይህቺን ነገር ገፋ አደረግኋት፣ መንገዱ ጋደም አለልኝ።»

«መቀመጫውስ?»

«መቀመጫውንማ አያንሡብኝ። ቆሜ ነው የነዳሁት።»

ጫኝ አውራጆቹ ሳቁ። ዲሪባ ግን እጁን እየጠረገ መጣና መሐላቸው ገባ። «ሁሴኖ፣ ውላችን ነውር ከተገኘ ነው። ጥቁሩ ምን ነውር አለው? ንገረን፤ ነውር ካለው ወልደ ሚካኤልም ሊወስደው አይገባም።»

ሁሴኖ ጥቁሩን ብስክሌት አየው። ፍሬኑ አይይዝም ቢል ያምኑታል። ግን ውሸት ነው። ፍሬኑ ደኅና ነው፤ ሁለት ደኅና እግር ላለው።

«ብስክሌቱ ነውር የለበትም» አለ። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ያለ ምርኩዝ፣ በሁሉም ፊት፣ ከበሩ መናኸሪያው ላይ እስከቆመ አንድ አውቶቡስ ሄዶ ተመለሰ። ግራ እግሩ አቧራው ላይ መስመር ጎተተ። «ነውሩ የኔ ነው። ይታጠፋል እንጂ አይገፋም። ይህ ጥቁር ደግሞ ስወጣም ግፋ ይለኛል፣ ስወርድም ርገጥ ይለኛል። ያንተው አረንጓዴ የሚጠይቀው እጅ ነው። እጅ አለኝ።»

ጫኝ አውራጆቹ ከጎማው ላይ ተነሡ። ወልደ ሚካኤል ከብስክሌቱ ወረደ።

«ጋሽ ሁሴኖ… እኔ እኮ… እርስዎን ሁልጊዜ ተቀምጠው ነው የማውቅዎ።»

«ሁሉም እንደዚያው ነው የሚያውቀኝ።»

«ታዲያ ጠዋት ምን ነበረበት ቢናገሩት?»

«ጠዋትማ ኮርቻ እያየሁ ነበራ!»

መጀመሪያ ዲሪባ ነው የሳቀው፤ እንዳይስቅ ታግሎ ታግሎ አመለጠው። ከዚያ ጫኝ አውራጆቹ፣ ከዚያ ራሱ ሁሴኖ። ወልደ ሚካኤል አረንጓዴውን ገፍቶ አመጣና መሪውን እጁ ላይ አስያዘው።

«ይውሰዱት። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ሰኞ ጽሕፈት ቤት ስገባ፣ በኮርቻው ብስክሌት የመረጠ ኮርቻ ሰፊ አሰላ ውስጥ አለ ብዬ ለሁሉም አወራለሁ።»

«አውራ፣ አውራ። እኔም ለፈረሰኛው ሁሉ፣ የመንግሥት ጸሐፊ መቀመጫ ፈርቶ ቆሞ ሲጋልብ አየሁ እላለሁ።»

ዲሪባ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ከሣጥኑ አወጣ። «ብሎኑ እኮ አንድ ነው» አለ በዝግታ ለሁሴኖ። «ኮርቻዎቹን ላቀያይርልህ? ልጁ እንደሆነ እሺ ይልሃል።»

ሁሴኖ ጥቁሩን ኮርቻ አየው። እጁን ሊዘረጋ ብሎ መለሰው። «ተወው» አለ። «ሲሸጥ አብሮት ነው የመጣው። የሱ ነው። የኔን ራሴ እሰፋዋለሁ።»

ዲሪባ ቁልፉን ይዞ አልቀረም፤ ፍሬኑን በሁለቱም በኩል አጠበቀለት፤ ማርሹንም ቀላሉ ላይ አደረገለት። «ቤትህ ሽቅብ ነው። እስክትደርስ ድረስ እዚሁ ላይ ተወው። እግርህ ብዙ ይዞራል፤ አይዞህ፣ ይዙር።»

ፀሐይዋ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ነበረች። ሁሴኖ ጆንያ የተጠመጠመበት መቀመጫ ላይ ወጣ፤ ሞላው ወጋው። ቀኙ ገፋ። የግራው ተራ ደረሰ፤ ፔዳሉ ቀለል ብሎት አለፈ። ቀኙ ገፋ። ግራው አለፈ። እግሩ እንደ እንዝርት ይዞራል፤ መንገዱ ግን በዝግታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገበያውን አለፈ። የራሱን ሱቅ አለፈ፤ ግንዱ በሩ ላይ ባዶውን ቆሟል። ላቡ በጀርባው ወረደ። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ አለፋት እንጂ አልቆመም። ሰኪና ነበረች።

«አንተ! ወዴት ነው?» ብላ ጮኸች።

አልመለሰም፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ዳገቱ እስከሚያልቅበት፣ ቤቶቹ ለገብስ ማሳ ቦታ እስከሚለቁበት ወጣ። እዚያ ቆሞ ጥቂት ተነፈሰ። ጭላሎ ከፊቱ ደመናውን ተከናንቧል። አዞረና ወረደ። በወረደ ቁጥር ጣቶቹን ጨበጥ ያደርጋል፤ ብስክሌቱ ይሰማል። ለቀቅ፣ ይሄዳል። ጨበጥ፣ ይሰማል። ኳስ ሜዳ ያላስተማረውን መንገዱ አስተማረው። ከደጁ ሲደርስ ሁለቱንም ፍሬን ያዘ፤ ሰኪና ከቆመችበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ።

ሰኪና መጀመሪያ እጆቹን አየች፤ ቀጥሎ የተላጠውን ጉልበቱን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን። «ጥቁር ነው የገዛው ብለውኝ ነበር» አለች።

«ጥቁር ነበር።»

«ይሄስ ጆንያ?»

«እሱን አትጠይቂኝ።»

«ሐይቁን አየኸው?»

«አላየሁትም። ጁምዓ አየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ታዲያ አሁን ቤቱን አልፈህ ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«የትም» አለ ሁሴኖ። «ዝም ብዬ ነው።»

ሰኪና ፊቱን አየች። ብስክሌቱን ራሷ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባችና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፤ ጆንያውን በጣቷ ጫን አድርጋ «እንዴት ይቆረቁራል!» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ክዳኑ ያልተነሣውን የገብስ ቂንጬ አሞቀች፤ ቅቤ ጨመረችበት፤ ለእጁ ውኃ አመጣች።

ሁሴኖ ታጠበ። ከመደቡ አጠገብ ቆመና ወዲያው አልተቀመጠም፤ ሁለቱም እግሮቹ፣ ደኅናውም ሕመምተኛውም፣ እኩል ይንቀጠቀጡ ነበር። ተቀምጦ እንጂ ሄዶ ደክሞት አያውቅም። «ቢስሚላህ» አለና ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ሳህኑንም ወደ ራሱ ሳበ።